ላኪዋ ቤቷ ስትገባ

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ማስወጣት ስትጀምር፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ጥቂት ወራት ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ገብተዋል። አውሮፕላኖቹ ቀንና ሌሊት ይመላለሱ ነበር፤ መንግሥትና ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ጊዜያዊ ማረፊያ አዘጋጅተው፣ ስም መዝግበው፣ አብልተውና የመሳፈሪያ ገንዘብ አስይዘው ተመላሾቹን ወደየቀያቸው ሸኙ። በዚያ ጥድፊያ የተሠራው ሥራ የሚናቅ አይደለም። ይሁንና ስለ ስደት ተመላሾች በተነሣ ቁጥር ዛሬም ድረስ የምናወራው ስለ መግቢያው ቀን ነው፦ ስንት ሰው ገባ፣ በምን ሁኔታ ገባ፣ ማን ተቀበለው። አውቶቡሱ ከመናኸሪያ ከወጣ በኋላ ያለው «የቤተሰብ ጉዳይ» ተብሎ ይታለፋል። የእኔ ክርክር ከዚያ ይጀምራል። የተመላሽ ኑሮ የሚቃናውም የሚሰናከለውም በአብዛኛው ቤት ውስጥ ነው፤ የተላከው ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ በሚነገርበት ወይም በሚደበቅበት፣ ልጅ ማንን «እማዬ» እንደሚል በሚታይበት፣ ማን ቀድሞ ተነሥቶ እሳት እንደሚያነድ በሚወሰንበት ቦታ። ጊዜ ሲያልፍ ሁሉም በራሱ ይስተካከላል የሚለው እምነታችን ብዙ ቤት በትኗል። መመለስ ቤተሰቡ ተቀምጦ በግልጽ ሊነጋገርበት፣ ቢቻል ተጓዧ ገና ከቤት ሳትወጣ ሊጀምረው የሚገባ ሥራ ነው።

በዚያ ማዕበል ከተመለሱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወንዶች ነበሩ። ብዙዎቹ በጅቡቲ ኦቦክ፣ ከዚያም በየመን በኩል ያቋረጡ ናቸው፤ በሬ ተሽጦ ለደላላ ከተከፈለበት መንገድ ባዶ እጅ መመለስ የሚያሳድረው ኀፍረት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይጠይቃል። እዚህ ግን የማተኩረው በቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ሄደው በሚመለሱ ሴቶች ላይ ነው። ባል ወይም ወንድም ሲሄድ የቤቱ አሠራር በአብዛኛው እንደነበረ ይቀጥላል። እናት ስትሄድ ግን ልጅ አያት ዘንድ ይገባል፣ ታናሽ እኅት ትምህርቷን አቋርጣም ቢሆን ምጣድ ላይ ትቀመጣለች፣ ባል እናቱ ቤት እየበላ ማደር ይጀምራል። ቤቱ ከሥሩ ፈርሶ በሌላ መልክ ይዋቀራል። እሷ የምትኖርበት ሁኔታም መመለሻን ለማቀድ የሚያመች አይደለም። ከፋላ በሚባለው አሠራር የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ፣ ማለትም ከከፊሉ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ፓስፖርቷ ብዙ ጊዜ እሱ ዘንድ ይቀመጣል፤ እሱ ካልፈቀደ ቤት መቀየርም ሆነ ወደ አገር መግባት ይከብዳታል። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል። በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሳዑዲ መንግሥታት 100 ሺሕ ገደማ ሰዎችን ለመመለስ ሲስማሙም ከተመላሾቹ ብዙዎቹ በማቆያ ቤት የቆዩ ነበሩ። የመመለሻዋን ቀን ራሷ የምትመርጥ ሴት ዕድለኛ ናት።

እንግዲህ ይህች ሴት ቤት የምትገባው በየትኛው ቦታዋ ነው? በሄደችባቸው ዓመታት ቤተሰቡ ውስጥ የነበራት ቦታ የላኪነት ነው። ስሟ የሚነሣው የትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ፣ አባት ሲታመሙ፣ የጎረቤት ሠርግ ሲመጣ ነው። ያ ቦታ ትልቅ ክብር አለው፤ ነገር ግን የሚሠራው እሷ በሌለችበት ብቻ ነው። ኦስትሪያ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው የማኅበረሰብ አጥኚ አልፍሬድ ሹትዝ እ.ኤ.አ. በ1945፣ ወታደሮች ከጦርነት በሚመለሱበት ዘመን፣ ወደ ቤት ስለሚመለስ ሰው አንድ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ተመላሹ የሚያገኘው ትቶት የሄደውን ቤት አይደለም፤ ቤቱም የሚያገኘው የሸኘውን ሰው አይደለም ይላል። ሁለቱም ወገን ግን ያንኑ የቀድሞውን ይጠብቃሉ። ሹትዝ በጻፈበት ጊዜ መገናኛው ደብዳቤ ነበር። ዛሬ በየቀኑ በኢሞ እየተያዩ የሚኖሩ ሰዎች ይህ አይመለከታቸውም የሚል ይኖራል። እንዲያውም በየቀኑ መተያየቱ አንዱ ስለ ሌላው ሁሉን እንደሚያውቅ እንዲሰማው ያደርጋል እንጂ እውነቱን አይገልጥም። እሷ ስትደውል የምትቆመው የማዳሟ ሳሎን መጋረጃ ፊት ነው፤ የምትተኛበትን የዕቃ ክፍል አታሳይም፣ ለሦስት ወር ደመወዝ እንዳልተከፈላት አትናገርም። ቤተሰቦቿም ጥሩ ልብሳቸውን ለብሰው ይቀርባሉ፤ ወንድሟ ሥራ እንደፈታ፣ ላሚቱ እንደተሸጠች፣ ልጇ ሦስተኛ ክፍልን እንደደገመ አይነግሯትም። «እዚያ ሆና ምን ታደርጋለች? ከምናስጨንቃት» ይባላል። ፍቅር ነው። ውጤቱ ግን ለዓመታት የተላለፈው መልካም ዜና ብቻ መሆኑ ነው፤ የተደበቀው ሁሉ ቤት በገባች ሳምንት በአንድ ጊዜ ይገለጣል።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቀረብ ብሎ ማየት ጠቃሚ ነው። ሻንጣው ሳሎን መሐል ይከፈታል፦ ለእናት ብርድ ልብስና የአንገት ልብስ፣ ለአክስቶች ሽቶ፣ ለወንድም ስልክ፣ ለልጅ ጫማ፣ ያውም ቁጥሩ በግምት የተገዛ። ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ የሚገባውም የሚወጣውም ይመርቃል። አንድ ሰው ሳይደርሰው ከቀረ ቅሬታው ከዚያ ቀን ይጀምራል። እሷን ማንም ሥራ አያስነካትም፤ «አርፊ፣ ደክሞሻል» ትባላለች። አርፋ መቀመጥ ግን አትችልም፤ ለዓመታት ስሟ ሲጠራ ብድግ እያለች፣ ከሁሉ በኋላ ተኝታ ከሁሉ ቀድማ እየነቃች፣ በረመዳን ሌሊቱን ኩሽና ቆማ እያነጋች ኖራለች። እንቅልፏ የተሰባበረ ነው፤ ምግብ ቀርቦ ሌላው ሳይበላ እጇን አትሰድም። ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ጎረቤቱ ይመናመናል፣ የሻንጣው ነገር ያልቃል፣ «አርፊ» የሚለው ቃልም ይቆማል። በምትኩ ሁለት ጥያቄዎች ይመጣሉ፤ አፍ አውጥቶ የሚጠይቃቸው የለም፣ በሁኔታ ይታወቃሉ። አሁን ምን ልትሠሪ ነው? ወይስ ትመለሻለሽ? አሜሪካውያኑ ጆንና ጂን ጉላሆርን እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት ጥናት ሰው ውጭ አገር ሲሄድ ካጋጠመው የስሜት መውጣትና መውረድ ጋር የሚመሳሰል ሌላ መውጣትና መውረድ ወደ አገሩ ሲመለስም እንደሚጠብቀው አሳይተዋል። መጀመሪያ ደስታው፣ ከዚያ መከፋቱ፣ በመጨረሻም ቀስ ብሎ መላመዱ ይመጣል። የጉላሆርኖች ጥናት ውጭ አገር ስለተማሩና ስላስተማሩ አሜሪካውያን ነው፤ ከዓረብ አገር ተመላሽ ጋር በኑሮ አይገናኙም። እነዚያ እንኳ ከተመለሱ በኋላ መከፋት ካገኛቸው፣ የእኛዋ ስትከፋ «ጠባይዋ ተበላሸ፣ ዓረብ ሆነች» ብሎ መፍረድ ግፍ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የገንዘቡ ነገር ነው። አንዲት በኮንትራት ወደ ሳዑዲ የሄደች ሴት በወር 1,000 ሪያል ታገኛለች እንበል። የሁለት ዓመት ኮንትራቷ 24,000 ሪያል ያስገኝላታል፤ ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ስለሆነ 6,400 ዶላር ማለት ነው። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በነበረው ምንዛሪ፣ 365 ሺሕ ብር ያህል ይሆናል። እሷ የምታስበው ይህን ድምር ነው፤ በድምሩ ልክ ቤት ወይም ሱቅ ይታያታል፣ እያንዳንዱን ሪያል ያገኘችበትን ሌሊትም ታስታውሳለች። ቤተሰቡ ግን ድምሩን አይቶት አያውቅም። ቤት የደረሰው በየወሩ 15 ሺሕ ብር ገደማ ነው፤ ያም የሚደርሰው ሁሉንም ከላከች፣ ደመወዟም ካልተያዘባት ነው። ከዚያ ላይ መጀመሪያ ለጉዞው የተበደሩት ዕዳ ይከፈላል። ቀጥሎ ጤፍና ዘይት፣ የልጅ ደብተርና የደንብ ልብስ፣ የአባት መድኃኒት፣ የእድር ወርኃዊ ክፍያ፣ የጣራው ቆርቆሮ፣ የታናሽ እኅት ሠርግ ይመጣል። ዋጋ በየዓመቱ ይንራል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተደርጎ የምትልከው በብር ሲቆጠር ከእጥፍ በላይ ቢያድግም፣ የገበያውም ዋጋ አብሮ ወጥቷል። ስለዚህ ተመልሳ «ገንዘቤ የት ገባ?» ስትል «በላነው» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ቃል በቃል እውነት ነው። ቤተሰቡን ሌባ አድርገን የምንነግረው ወሬ ስለሚስብ ይበዛል፤ ክፋት ያለባቸውም ቤቶች አሉ። ግን አብዛኛውን ጠብ የሚያመጣው ሁለት እውነተኛ ሂሳቦች ተገናኝተው የማያውቁ መሆናቸው ነው፤ እሷ የላከችውን ትቆጥራለች፣ እነሱ ያወጡትን ይቆጥራሉ፣ የጋራ ደብተር ግን የለም።

ሕጉ በአንድ በኩል ይረዳታል፣ በሌላ በኩል ብቻዋን ይተዋታል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ እያሉ በግል ጥረታቸው የሚያፈሩት ገቢ የጋራ ሀብት ነው፤ በአንዳቸው ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረትም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ተደርጎ ይገመታል። ስለዚህ በላከችው ገንዘብ ባሏ በስሙ ቤት ቢገዛ ድርሻዋ አይጠፋም። ይህን የማያውቁ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ አውቀው ቢሆን ኖሮ ሳይከራከሩ ቤት ጥለው አይወጡም ነበር። ገንዘቡን የተቀበለው ወንድም ወይም አጎት ከሆነ ግን እንዲህ ያለ ግምት የለም። በወንድሟ ስም የተሠራው ቤት የእሷ መሆኑን የምታስረዳው ራሷ ናት፤ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ በጽሑፍ መሆን አለበት። የሐዋላ ደረሰኝ ገንዘብ መላኩን ያሳያል እንጂ ለምን እንደተላከ አይናገርም። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የተረጋገጠ የውክልና ሰነድ ልካ በራሷ ስም እንዲገዛላት ማድረግ ይቻል ነበር፤ ቆንስላ ለመድረስ ከአሠሪዋ ቤት መውጣት ለማትችል ሴት ግን ይህም ምክር ከሩቅ የሚነገር ነው። ለዚህም ነው ከመሄዷ በፊት መደረግ ያለበት የምለው።

እዚህ ላይ ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ ይመጣል። ሂሳብ መጠያየቅ በእኛ ቤት ነውር ነው፤ እናቷን «የላክሁልሽን ምን አደረግሽው?» የምትል ልጅ ምን ልጅ ናት? ይሉኝታውን ብትጥስ ከገንዘቡ ጋር ዘመድም ታጣለች። ተቃውሞው እውነት አለው፤ ሂሳብ የሚጠየቀው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ፣ በንዴት፣ ሰው ፊት ከሆነ ክስ ነው፣ የሚያመጣውም ቂም ነው። ነገር ግን በቅርብ ሰዎች መካከል ገንዘብ መመዝገብ ከባህላችን ውጭ ነው የሚለውን አልቀበልም። ዕቁብ ሰብሳቢና ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የደረሰው ሰው የልብ ጓደኛም ቢሆን ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይወስድም። እድር መዝገብ አለው፤ ያልከፈለና የቀረ ይጻፋል፣ ይቀጣል፣ ማንም በዚህ አይቀየምም። የማይቀየመው ደንቡ አስቀድሞ የታወቀ፣ ለሁሉም አንድ የሆነ ስለሆነ ነው። ነውሩ ያለው በመመዝገቡ አይደለም፤ ሳይመዘገብ ቆይቶ በመጠየቁ ነው። ገና ስትሄድ «ከምልከው ይህን ያህሉ ለቤት ወጪ ነው፣ የእናንተ ነው፣ አልጠይቃችሁም፤ ይህን ያህሉ ደግሞ በስሜ በተከፈተው ሂሳብ ይገባል» ተባብለው ቢለያዩ እናት ተጠያቂ ከመሆን፣ ልጅም ጠያቂ ከመሆን ትድናለች። ይሉኝታ ራሱ የሚጠበቀው በዚህ መንገድ ነው።

የልጁ ነገር ከገንዘቡ በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለት ዓመት ሳይሞላው የተተወ ልጅ እናቱ ስትመለስ ሰባት ዓመት ሊሆነው ይችላል። «እማዬ» የሚላቸው አያቱን ነው፤ እናቱን በስሟ ይጠራታል፣ ወይም የስልኳ ሴትዮ አድርጎ ያውቃታል። ከሰው ጋር ሲሆኑ ያቅፋታል፤ ሲመሽ ግን ትራሱን ይዞ ወደ አያቱ መደብ ይሄዳል። ለእናትየዋ ከዚህ የሚመር ነገር የለም፤ የተሰደደችው ለእሱ ነበርና። አንዳንዷ በቁጣ፣ አንዳንዷ በስጦታ ልታስመልሰው ትሞክራለች፤ አንዳንዷም ከአያቱ ነጥላ ሌላ ከተማ ይዛው ትወጣለች። ካናዳ ያደገችው የሥነ ልቦና አጥኚ ሜሪ ኤንስዎርዝ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኡጋንዳ ውስጥ በካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች ሕፃናትንና እናቶቻቸውን ቤት ለቤት እየሄደች ተመልክታ ነበር። ያየችው፣ የልጅ ልብ የሚጠጋው ሲያለቅስ ሰምቶ ወደሚመጣለትና ፍላጎቱን ወደሚረዳለት ሰው እንደሆነ፣ ከአንድ ሰው በላይም ሊጠጋ እንደሚችል ነው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አያቱን መውደዱ ለእናቱ የተሰጠ ቅጣት አይደለም፤ ደህና እጅ ላይ የመኖሩ ምልክት ነው። አንዱን ሲቀማ ሌላውን አይወድም፤ እናቱን የሚለምደው አያቱ ባሉበት፣ አያቱ ሲመርቁለት ነው።

«ልጅ አያት ዘንድ ማደግ የቆየ ልማዳችን ነው፣ ማን ተጎዳ?» የሚሉ አሉ። ልማዱ ደግ ልማድ ነው፤ ግን በቀድሞው ዘመን አያትና እናት በአንድ መንደር ይኖሩ ነበር፣ ልጁ በሁለቱ ቤት መካከል እየሮጠ ነው ያደገው። ራሴል ፓሬኛስ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመችው፣ የፊሊፒንስ ስደተኞችን ልጆች በሚመለከተው መጽሐፏ፣ እናት ስትሰደድ እንክብካቤው ወደ አያት፣ ወደ አክስትና ወደ ታላቅ ሴት ልጅ እንደሚዞርና አባት ግን እምብዛም እንደማይረከበው አሳይታለች። ልጆቹም የተሰደደ አባታቸውን «ለእኛ ብሎ ነው» እያሉ፣ የተሰደደች እናታቸውን ግን «ጥላን ሄደች» ብለው የመፍረድ ዝንባሌ አላቸው፤ ከሩቅ ሆናም ሙሉ እናት እንድትሆን ይጠብቃሉና። ይህን ፍርድ የሚያስተምረው በዙሪያቸው ያለው አዋቂ ነው። እኛም ዘንድ ጎረቤት ልጁን «እናትህ ገንዘብ ወዳ ሄደች» ሲለው ዝም የምንል ከሆነ፣ እናትየዋ ስትመለስ የሚገጥማትን ግድግዳ አብረን ገንብተናል። ስለ አያትም ማሰብ ያስፈልጋል። አምስት ዓመት በሌሊት ተነሥተው ያሳደጉት ልጅ «ከአሁን ጀምሮ የእሷ ነው» ሲባል እሳቸውም ይጎዳሉ፤ ከልጁ ጋር አብሮ የሚመጣው ወርኃዊ ገንዘብም ይቆማል። ይህን ጉዳታቸውን የሚጠይቃቸው ካጡ ልጁን በእናቱ ላይ ሲያስከፉት ይታያል፤ ክፋት ብለን ከመፍረዳችን በፊት ምን እንደሚያጡ ማየት ይገባል።

ከባልም ጋር ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። ብቻዋን አገር አቋርጣ፣ ቋንቋ ለምዳ፣ ከከፊል ጋር ተከራክራ የኖረች ሴት ሳንቲም ለመጠየቅ እጅ መዘርጋት ይከብዳታል፤ እሱም ለዓመታት በእሷ ገንዘብ መኖሩ ያስነወረው ከሆነ ያንን በቁጣ ይሸፍነዋል። ስለ ሥራ ክፍፍሉም ቢሆን፣ ዓረብ አገር በደመወዝ የሠራችውን ያንኑ ማጠብና መጥረግ እቤቷ ያለ ምስጋና ስትሠራው ትታዘባለች። ይህን ታዝባ መናገሯ ትዕቢት ተብሎ ይተረጎማል። እዚህ ላይ ግን መለየት ያለበት ነገር አለ። መከፋትና መቆጣት በጊዜና በንግግር ይበርዳል፤ ለሳምንታት እንቅልፍ ማጣት፣ ሰው በነካት ቁጥር መደንገጥ፣ ጨርሶ አለመናገር ወይም ራሷን ለመጉዳት ማሰብ ግን ሕመም ነው። ድብደባና መደፈር ያጋጠማቸው፣ ታስረው የቆዩ፣ አብራቸው የነበረች ጓደኛ ስትሞት ያዩ ሴቶች አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ አጋር ኢትዮጵያን የመሳሰሉ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ለእንዲህ ያሉ ተመላሾች መጠለያና የሥነ ልቦና ድጋፍ ሲሰጡ ቆይተዋል፤ በሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና አለ። ጠበል የምትወሰድ ሴት ሐኪም ዘንድም ልትወሰድ ትችላለች፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ቤተሰብ የሚያጠፋው «ሰው እንዳይሰማ» ብሎ በር ዘግቶ ሲያስቀምጣት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚነሣው ተቃውሞ የታወቀ ነው። ይህ ሁሉ የቤት ውስጥ ወሬ ነው፣ ዋናው ችግር ሥራ ማጣት ነው፤ ሥራ ብትይዝ ባልም ልጅም እናትም ይስተካከላሉ። ሥራ ወሳኝ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ገቢ በሌለበት ቤት ንግግር ብቻውን ሆድ አይሞላም። ይሁንና ለተመላሾች የሚሰጠው ሥልጠናና ብድር የሚያርፈው የት ነው? ቤት ውስጥ ነው። አንዲት ተመላሽ በብድር አነስተኛ ሱቅ ትከፍታለች። ቤተሰቡ አሁንም የሚያያት እንደ ላኪ ነው፤ ከመደርደሪያው ስኳርና ዘይት ይነሣል፣ ዘመድ በዱቤ ይወስዳል፣ ወንድም ለባጃጁ ጎማ ከዕለቱ ሽያጭ ይበደራል። እምቢ ብትል «ከዓረብ አገር መጥታ ስስታም ሆነች» ትባላለች፤ እሺ ስትል ሱቁ በጥቂት ወራት ባዶ ይቀራል። ከዚያ በኋላ «ንግድ አያውቁም» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። ዦን ፒዬር ካሳሪኖ የተባለ የፍልሰት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ባቀረበው ሐሳብ መመለስ የሚሳካው ተመላሹ ሲዘጋጅ ነው፤ ዝግጅት ሲል ፈቃደኝነትን ከበቂ ጊዜ፣ ከሀብትና ከሰዎች ጋር ካለ ግንኙነት ጋር አጣምሮ ነው። የእኛዎቹ ብዙውን ጊዜ እነዚህን ይዘው አይመጡም፤ በአንድ ቀን ታፍሰው የተጫኑ ናቸው። ታዲያ እሷ መዘጋጀት ካልቻለች መዘጋጀት የሚችለው እዚህ ያለው ቤተሰብ ነው። ድጋፍ ሰጪዎች ለብድሩ ዋስ ሲጠይቁ ቤተሰቡን ያገኙታል፤ በዚያው ቀን አስቀምጠው ከሱቁ ምን እንደማይነካ፣ የዱቤው ወሰን ምን ያህል እንደሆነ ቢያስማሙት የተለየ በጀት አይጠይቅም።

«የተመለሰችው ሁሉ ዞራ መሄዷ አይቀርም፣ ምን ያደክማል?» የሚልም አይጠፋም። ዳግመኛ የሚሄዱ ብዙ መሆናቸው እውነት ነው፤ መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ ሲያግድ እንኳ ሰው በየመን በኩል መሄዱን አላቆመም። ዳግም መሄድ ሁሉ ሽንፈት ነው አልልም፤ ደህና አሠሪ አግኝታ፣ ደመወዝ ተሻሽሎላት፣ ከቤተሰቧ ጋር መክራ የምትሄድ ሴት የራሷን ውሳኔ ወስናለች። የሚያሳስበኝ ሌላዋ ናት፤ እዚህ ቤት ውስጥ ከላኪነት በቀር ሌላ ቦታ ስላጣች፣ ልጇ እንግዳ፣ ሱቋ የጋራ ጓዳ፣ እሷ ደግሞ የቤቱ ሸክም ስለሆነችባት ብቻ የደላላውን ስልክ የምትፈልገው። ለእሷ መሄድ ምርጫ ነው ማለት ይከብዳል። የሁለተኛው ስደት ገንዘብም በዚያው ባልተዘጋው ሂሳብ ውስጥ ስለሚገባ፣ ስትመለስ የሚጠብቃት ያው ጥያቄ ነው፤ በዚያ ላይ ልጁ በዓመታቱ ልክ ርቋል።

በሕጋዊ መንገድ የምትሄድ ሠራተኛ ከጉዞ በፊት ሥልጠና ወስዳ የብቃት ምዘና ታልፋለች። የምትማረው የልብስ ማጠቢያ ማሽንና ምድጃ አያያዝ፣ ጥቂት ዓረብኛ፣ መብትና ግዴታዋን ነው። ገንዘቡን የሚቀበለውና ልጁን የሚያሳድገው ሰው አብረዋት የሚቀመጡበት አንድ ግማሽ ቀን ቢጨመር፣ የባንክ ሂሳቡ በማን ስም እንደሚከፈት፣ ለቤት ወጪ ምን ያህል እንደሚደርስ፣ ልጁ ስለ እናቱ ምን እንደሚነገረው፣ ሳይታሰብ ብትመለስ የት እንደምታርፍ በወረቀት ይሰፍር ነበር። በደላላ የምትሄደው ሥልጠናው ዘንድ አትደርስም፤ ለእሷ ሽማግሌ፣ የእድር ሰብሳቢ፣ መስጊዱ ወይም ቤተ ክርስቲያኑ ይህንኑ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ሠርግና ሐዘንን፣ ዕርቅንና ውርስን ሲያደራጁ የኖሩት እነሱ ናቸው። ቀድሞውኑ ተመልሳ ቤት ላለችው ደግሞ ንግግሩ ቢጀመር የምመርጠው በሁለተኛው ወር አካባቢ ነው፤ እንግዳው ከተመናመነ በኋላ፣ ቂሙ ግን ገና ሳይጠነክር፣ ሁለቱም ወገን የሚያምኑት አንድ ሰው ባለበት። ከገንዘቡ በፊት የልጁ ነገር ቢነሣ ይሻላል። ገንዘቡ ላይ ያለው ክርክር ዘንድሮም ከርሞም ሊፈታ ይችላል፤ ልጁ ግን በመስከረም ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ከእናቱና ከአያቱ ማን እጁን ይዞ እንደሚወስደው ከዚያ በፊት መታወቅ አለበት።